አሮጌውን ኮምፒውተር ያሰናበትሁበት ሳምንት

አዲስ ኮምፒውተር ከካርቶኑ አውጥታችሁ፣ ነጩን ፎም ወደ ጎን ጥላችሁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫኑ ደስ ብሏችሁ ያውቃል? በዚያው ደስታ አሮጌውን «አንተ ደግሞ በቃህ» ብላችሁ ወደ ጥግ ገፍታችሁትስ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። የቀረውን ለመጻፍ ነው አሁን የተቀመጥሁት።

ከማስተማር ሥራ ከለቀቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገሉ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። የእኔ ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ቢሆንም አልቋል፤ ያለቀ ነገር በቅደም ተከተል ቢጻፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መምህር ስለነበርሁ ማስረዳት ይቀናኛል። አንዳንድ ቦታ ቆም ብዬ ሳብራራ ታገሱኝ።

የመጀመሪያ ምደባዬ እንፍራንዝ ነበር። የኮምፒውተር መምህር ተብዬ ሄድሁ፤ ኮምፒውተሮቹ አራት፣ ተማሪዎቹ በየክፍሉ ሃምሳ ስድሳ ነበሩ። ስለዚህ የኪቦርዱን ቁልፎች በሙሉ በካርቶን ላይ በማርከር ሣልሁና ለየዴስኩ አደልሁ። ተማሪዎቹ ካርቶኑን በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን «ይጽፉ» ነበር። አንዷ ልጅ ካርቶኑን ሳትነካ ቁጭ ብላ ባያት «ምነው አትጽፊም?» አልኋት። «ጨርሻለሁ ቲቸር፤ ፕሪንት እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ሁሉም ነገር የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ መምህርት አበበች የሚባሉ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ከታዘቡኝ በኋላ «ማስረዳትህ ሸጋ ነው። አንድ ሰው ‹ገባኝ› ቢልህም አታቆምም፤ እሱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አሉኝ። የግምገማ ቅጹ ላይ ግን ጥሩ ነጥብ ሰጡኝ። ደመወዙን አልዘረዝርም፤ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ደጋው ተዛወርሁ፣ ወደ ሰሜን፣ ከደባርቅ ብዙም ወደማይርቅ ከተማ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ይሸፍነዋል፤ ጣት ሳይሞቅ ኪቦርድ አይነካም። እዚያ ነው አያ መኳንንትን ያገኘኋቸው።

አያ መኳንንት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት በታይፕ መኪና ነው። ኮምፒውተር ማንም አላስተማራቸውም፤ ግን አሥሩንም ጣታቸውን እያሠሩ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ይጽፉ ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ በአራት ጣት ነው የምጽፈው። ይህን ባዩ ቁጥር «አንተ ኢንጂነር! ዶሮ እህል ስትለቅም አይተህ ነው የተማርኸው?» ይሉኛል።

የእሳቸውን አሠራር ቀስ ብዬ ልናገር፤ ያኔ ልብ ብዬ ብይዘው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ጠዋት ሲገቡ ቢሯቸው በር ላይ ባለው ጀሪካን እጃቸውን ይታጠባሉ። ኮምፒውተሩን የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ አንሥተው በአራት ያጥፉታል፤ መሬት አያስነኩትም። አንድ ሮስተር፣ ማለትም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስምና የዓመቱ ውጤት የሰፈረበት ሠንጠረዥ፣ ሲጽፉ ከወረቀቱ ላይ ማስመሪያ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ተማሪ ሲያልቅ ማስመሪያውን አንድ መስመር ዝቅ ያደርጋሉ። ጽፈው ከጨረሱና ካስቀመጡ በኋላ ፋይሉን ይዘጉታል፤ ከዚያ እንደገና ይከፍቱትና ከመሀል አንድ ስም ከነውጤቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል።

«ለምን ከመሀል?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«መጀመሪያውማ ምንጊዜም ደህና ነው» አሉኝ።

«ለምንስ ጮክ ብለው?»

«ሰው ነዋ! ሰው በስሙ ይጠራል እንጂ በዓይን ብቻ ይታለፋል?»

ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

አዲሱ ኮምፒውተር የመጣው በአራተኛው ዓመቴ ነው። ከካርቶኑ ሳይወጣ አንድ ወር ያህል በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቆየ። አያ መኳንንት ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ነበርና ለሕክምና ጎንደር ሊሄዱ ተራ እየጠበቁ ነበር። «ስመለስ አብረን እንተክለዋለን። አንድ ሴሚስተር ሁለቱም ጎን ለጎን ይሥሩ። ከዚያ አሮጌው ይረፍ» አሉኝ። እኔ በልቤ አንድ ሴሚስተር ምን ያደርጋል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብያለሁ።

እሳቸው ሰኞ ሄዱ። ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል መጣ፤ ከመዝገብ ቤቱ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። አሮጌው ኮምፒውተር የኃይል ሳጥኑ ነዶ ነበር። ተማሪ ሲመዘገብ፣ ደብዳቤ ሲወጣ፣ ሁሉም ነገር በእሱ ነበርና ሥራው ቆመ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ፈንታሁን በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ፈጣን፣ ቅን ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት ጠራኝ።

«ይኼ ካርቶን ምነው እስከ ዛሬ ተዘግቶ?»

«አያ መኳንንት እስኪመለሱ ብለን ነው።»

«አያ መኳንንት ኮምፒውተር ተምረዋል?»

«አልተማሩም።»

«አንተስ?»

«ተምሬያለሁ።»

«እና ማን ነው ማንን የሚጠብቀው? ሰኞ ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። አዲስ ኮምፒውተር በካርቶን ላሳያቸው?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለመደወል ብሞክርም በዚያ ሰሞን ስልክ አይሠራም ነበር። መንገዱ ክፍት ነበርና በመኪና ሰው ልኬ ማስጠየቅ እችል ነበር። አላደረግሁም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። በሥርዓት ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ጣራው ከሚያፈስበት ጥግ አራቅሁ። የኃይል ማስተካከያውን ሰካሁ፤ ኮምፒውተሩን ከእሱ ጋር፣ ቀጥሎ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ማተሚያውን። የአማርኛ መጻፊያውን አስተካከልሁ፤ ለእኔና ለአያ መኳንንት የየራሳችንን መግቢያ አበጀሁ። ከዚያ የአሮጌውን ጎን ፈታሁ። ውስጡ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። አራት ብሎን አወጣሁና ዲስኩን ነቀልሁ። ዲስክ ማለት ሁሉም ፋይል የሚቀመጥበት፣ መጠኑ እንደ ትንሽ መጽሐፍ የሆነ ብረት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም ዲስኩ ሊተርፍ ይችላል። ተርፎ ነበር። በኬብል ከአዲሱ ጋር አገናኘሁትና ከፈትሁት።

የቅርብ ዓመታት ፋይሎች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ቀዳሁ፤ ከቀዳሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። ከሥር «ነባር» ተብሎ በላቲን ፊደል የተሰየመ አቃፊ፣ ማለትም ፎልደር፣ አገኘሁ። ውስጡ ያሉትን ሰነዶች ስከፍት የስም ዓምዱ ሙሉ በሙሉ ትርጉም የለሽ ነገር ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ሁሉም ተደባልቆ። ሁለተኛውን ከፈትሁ፤ ያው። ሦስተኛው፤ ያው። በዚያ ላይ አዲሱ ኮምፒውተር አቃፊው ውስጥ ቫይረስ እንዳለ በቀይ ጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። በዚያ ወር በየፍላሹ የሚዞር ቫይረስ የመምህራኑን ፋይል እያበላሸ አስቸግሮን ነበር። ስለዚህ «ተበልቷል» አልሁ።

አንድ ነገር አልክድም። ቁጥሮቹ ደህና ነበሩ። በየመስመሩ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት፣ ሰማንያ እየተባለ ጥርት ብለው ተሰልፈው ነበር። ስም የሚበላ፣ ቁጥር የሚያስቀር ቫይረስ እንደሌለ አንድ ደቂቃ ባስብ ይገባኝ ነበር። አየኋቸው፤ አላሰብሁም።

አቃፊውን ሳልቀዳ ተውሁት። ዲስኩን ሙሉ ለሙሉ አጸዳሁና ዲስኩ በተበላሸበት በአንድ የተማሪዎች መለማመጃ ኮምፒውተር ውስጥ ገጠምሁት። ዕቃ እንዳይባክን ነው። ሰኞ የወረዳ ሰዎች መጡ፤ አዩ፤ አመሰገኑ። አቶ ፈንታሁን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አያ መኳንንት የተመለሱት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ አያ! ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

«ሸጋ ሆኗል። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል። ያንተን መልክ ግን እንደ በፊቱ ቢጋርደኝ ይሻለኝ ነበር» አሉና ሳቁ።

እጃቸውን ታጥበው ገቡ። አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ስክሪኑን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። «ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው «ነባሮቹን ክፈትልኝ» አሉኝ።

«የትኞቹን?»

«ነባር ያልሁትን ነዋ።»

«እሱማ በቫይረስ ተበልቶ ነው ያገኘሁት አያ። ጽሑፉ ሁሉ ተበላሽቷል።»

«ምን ዓይነት መበላሸት?»

ወረቀት አንሥቼ ያየሁትን ዓይነት ጻፍሁላቸው። ኤክስ፣ ዶላር፣ ቅንፍ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩትና ብዙ አዩት።

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩ… ደህና ነበር።»

መሳቢያቸውን ስበው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ። «ይኼን አልጫንህም ማለት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ላስረዳ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ መሣሪያው ራሱ «ሀ» መሆኑን ያውቃል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የዚያን ዘመን የአማርኛ መጻፊያ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነበር፤ ከላይ የእኛን ፊደል መልክ ያለብሳቸዋል። የዚያ መጻፊያ ፊደላት በተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ንጹሕ አማርኛ ነው። ባልተጫኑበት ላይ ልብሱ ይወልቅና ምልክቱ ብቻ ይቀራል። ፋይሉ ምንም አልሆነም። ፊደሉን ከሲዲው መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮን ነበር። እኔ ያደግሁት በአዲሱ አጻጻፍ ነው፤ አሮጌውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ዲስኩስ የት አለ?» አሉኝ።

«አጸዳሁት። ተማሪዎች እየተለማመዱበት ነው።»

ተነሡ። በአራት ያጠፉትን ነጭ ጨርቅ ዘረጉና አዲሱን ኮምፒውተር እንደበራ ሸፈኑት። ከጨርቁ ሥር ብርሃኑ ይታይ ነበር።

«ወረቀቱ አለ አይደል አያ?» አልኋቸው።

«ወረቀቱንማ ሰው ሞቀው።»

አልገባኝም።

«አንተ ሳትመጣ፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ የተፈናቀለ ሰው እዚህ ሰፍሮ ነበር። ያውም በክረምት። ሕፃናት የያዙ ሴቶች ነበሩ። እንጨት የለ፣ ምን የለ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የሰጠኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ሮስተሩን ሁሉ አውጥተው አነደዱት። ‹ግዴለም ይሙቁት፤ ኮምፒውተር ላይ ጽፌዋለሁ› ብዬ ነው የሰጠሁ።» ቁጭ አሉ። «አምስት ክረምት ነው የጻፍሁት።»

ያን ቀን እኔን አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ጎንደር ይገኝ ይሆናል ብዬ ዲስኩን ወዲያው አስወጥቼ በጨርቅ ጠቀለልሁት። መንገዱ ግን በዚያው ሳምንት ተዘጋ፤ ወደ ጎንደር የሚያስገባ አልነበረም።

ጥሩወርቅ የመጣችው መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ነው። ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ጠይም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ከዛሪማ ነው የመጣችው፤ እዚያ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ከእኛ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የራሷ ወረቀት ከቤቷ ጋር ጠፍቷል። አሁን ለሠራተኞች የጤና ሥልጠና ዕድል መጥቷል፤ ከጽዳት ወጥታ ሕሙማንን የምትረዳ ባለሙያ ልትሆን ነው። የጎደላት ትራንስክሪፕት ብቻ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋው በሳምንቱ ዓርብ ነበር።

አያ መኳንንት ገና ከበር ሲያዩዋት «ጥሩወርቅ!» አሉ። «ከኋላ ተቀምጠሽ የምታወሪ፣ ሒሳብ ላይ ግን ማንም የማይደርስብሽ!»

«አወቁኝ አያ?» አለች። ፊቷ በራ። «እንግዲያ አልቸገርም በሉኛ!»

አያ መኳንንት ወደ እኔ ዞሩ። እንድነግራት የፈለጉ መሰለኝ። ነገርኋት። ሁሉንም፣ ሳልደብቅ፣ ደግሞም እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ጨርሳ ከሰማችኝ በኋላ «የገባኝን ልንገርህ?» አለች። «ስሜን ማንበብ አቃተህ፤ ስለዚህ ጣልኸው።»

በማግሥቱ ዲስኩን ይዤ ጎንደር ወረድሁ። «አብሬህ ካልሄድሁ» ብላ እሷም መጣች። ፒያሳ አካባቢ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ አንድ ባለሙያ አለ ተብለን ሄድን። ወጣት ነው፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ነው የሚያወራው።

«ከጸዳ በኋላ ተሠርቶበታል?»

«አምስት ሳምንት።»

«ምን ተጻፈበት?»

«የተማሪ ልምምድ። ዘፈንም ቀድተውበታል መሰለኝ።»

«እንግዲህ በሰው ስም ላይ ዘፈን ተጽፎበታል» አለና ፍለጋውን ጀመረ።

ፍለጋው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን እያየች ጠበቀች። በመጨረሻ ከነባሮቹ ውስጥ ሁለት ሰነድ ሙሉ፣ አንድ ደግሞ ግማሹ ተገኘ። ሁለቱ የሌላ ዓመት ነበሩ። ግማሹን ስንከፍተው ያው ኤክስና ዶላር። ከላይ ግን ዓመተ ምሕረቱና የክፍሉ ቁጥር በአኃዝ ይነበባል። ጥሩወርቅ ጣቷን ዘርግታ «የኔ ክፍል ነው!» አለች።

የአያ መኳንንትን ሲዲ ሰጠሁት። ፊደሉን ጫነና ሰነዱን እንደገና ከፈተው። የተናገርሁትን ነገር ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ያ ሁሉ ምልክት በአንድ ቅጽበት ስም ሆነ።

«ሀብታሙ!» አለች ጥሩወርቅ። «ሀብታሙ እኮ ጎኔ ነው የሚቀመጥ! ለምለም… ለምለም አሁን ሱቅ አላት። ኧረ ሙሉጌታን እዩት፣ እንግሊዝኛ ሠላሳ ሁለት! ይገባዋል፣ ሲኮርጅ ነው የኖረ!» ባለሙያው ሳይቀር ሳቀ። ገጹን ወደ ታች እየገፋ፣ እሷ እያነበበች፣ ስሞቹ በፊደል ተራ መጡ። አስቴር። ከበደ። ደስታ። ከመሳቋ የተነሣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ተስፋ አደረግሁ።

«ጌጤ» አለች። «ጌጤ ምስኪን፣ እሷ…»

ከጌጤ ቀጥሎ ገጹ ባዶ ነበር።

«ውረድ» አለችው።

«አልቋል እህቴ። ከዚህ በታች ያለው ተጽፎበታል።»

«ከጌጤ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለች። «ሁልጊዜ ከጌጤ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ስም ሲጠራ ጌጤ ስትል እኔ አፌን አዘጋጃለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ውጤቴን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሒሳብ ሰማንያ ሦስት፣ ፊዚክስ ሰባ አንድ። አንድም አልጨምርም። መስመሩ እዚሁ አለ፣ ፊደሉም ተጭኗል። ጻፈኝ።»

የምትለው ቀላል ነበር። አንድ መስመር ነው። ማንም አያውቅም። ስልክ ሠርቶ ነበርና አያ መኳንንትን ደወልሁላቸው፤ ማኅተሙም ፊርማውም የእሳቸው ነው። ነገርኋቸው።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ሒሳቧ ከሰማንያ በላይ ነበር። ግን ወረቀት ሳላይ ውጤት ፈርሜ አላውቅም። ለእሷ ከፈረምሁ ነገ ሳይማር ‹በቃሌ አውቀዋለሁ› ብሎ ለሚመጣው በምን አፌ እምቢ እላለሁ? እሷም ሄዳ ሰው ልታክም ነው እኮ። አቅርባት እስቲ፣ እኔው ልንገራት።»

ስልኩን ሰጠኋት። ሰማች። «እሺ አያ» አለች። «እሺ። አይ፣ አልቀየምሁም።» ስልኩን መለሰችልኝና «ታዲያ እኔ አልተማርሁም ማለት ነው?» አለችኝ።

ለባለሙያው ሒሳቡን ከፍዬ ዲስኩን በጨርቁ መልሼ ጠቀለልሁት።

ትምህርት ቤቱ የሆነውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈላት፤ አያ መኳንንትም እንደሚያውቋት በፊርማቸው መሰከሩ። የሥልጠናው ምዝገባ ክፍል ደብዳቤውን አንብቦ «በጣም እናዝናለን፤ የምንቀበለው ውጤት ነው» አለ። ዓርብ አለፈ። ጥሩወርቅ ወደ ዛሪማ ተመለሰች፤ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም ያንኑ ጤና ጣቢያ ታጸዳለች። ከእሷ በኋላ ሌሎች መጡ። አንዱ ፖሊስ ሊሆን ነበር፣ አንዷ ዐረብ አገር ከርማ ተመልሳ ትምህርት ልትቀጥል። በመጡ ቁጥር መዝገብ ቤት ተጠርቼ የማስረዳው እኔ ነበርሁ። ፋይሉ የተረፈለትን ዓመት ተማሪ ውጤቱን አውጥተን ስንሸኝ እንኳ ደስታ አልነበረንም።

አያ መኳንንት ጡረታቸው ሳይደርስ በሕመም ወጡ። ዓይናቸው ድኖ ነበር፤ ሕመሙ ሌላ ነው። የመጨረሻ ቀናቸው ዕለት የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሲያስረክቡኝ «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። መዝገቡን ባለአንድ ቅጂ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል። አልተጽናናሁም። እሳቸው ሰው እንዲሞቅ ብለው ሰጡ፤ እኔ ለሰኞ እንዲያምር ብዬ አጠፋሁ።

ቀጣዩን ሴሚስተር አስተማርሁ። ክፍል ገብቼ ቾክ ስይዝ፣ «ይህን በደንብ አውቀዋለሁ» ብዬ የምጀምረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ አፌ ላይ ይቆም ጀመር። ለቀቅሁ። አሁን ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አነሣለሁ። ሥራው አይከፋም። ትራንስክሪፕቱን ኮፒ ሊያስነሣ የሚመጣም አለ። አንዳንዱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ነው የሚያመጣው፤ ጠርዙ ተበልቷል። እኔ ማሽኑ ላይ ከማኖሬ በፊት አቃናዋለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ አንድ ነገር እንድትሞክሩልኝ ነው። በዚህ ሳምንት የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱ። ምንም ሳያስፈልጋችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤቱን አንኳኩና ስማችሁን፣ የጨረሳችሁበትን ዓመት ተናግራችሁ «እስቲ ውጤቴን አሳዩኝ» በሉ። ካገኛችሁት በዚያው ቀን ሁለት ኮፒ አንሡ፤ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ። ሠራተኛው ፈልጎ ፈልጎ ካጣው ደግሞ፣ ቢያንስ መጥፋቱን የምትሰሙት ገና ጊዜ ሳላችሁ ነው። ጥሩወርቅ የሰማችው ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።